ለጎን ሕመም የዓይን ጠብታ

አንዲት ልጅ ነበረች። ሐዋሳ ያደገች፣ እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ለጌታ ሥራ የምትሮጥ ልጅ። ሶስና እንበላት። አንድ ቀን ብድግ ብላ "ማዳጋስካር ሄጄ ሕጻናትን በነጻ አስተምራለሁ" አለች። ቤተ ክርስቲያኗ ጸልያ ሸኘቻት። ሽማግሌዎቹ አንድ አደራ ብቻ ሰጧት፦ "ልጆቹ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ቪዲዮ ቀርጸሽ አምጪልን። ፍሬውን እንይ።"

ፍሬ! ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ደረሰች። ባሕሩ ጥግ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የክፍሉ ግድግዳ ቀርከሃ ነው። ሶስና ቀይ ወረቀት ከፍ አድርጋ "ሬድ!" ትላለች። ልጆቹ ዝም። "ሬድ!" አንዱ ፈራ ተባ እያለ "ብሉ?" ይላል። በሦስተኛው "ሬድ!" ስትል ክፍሉ በሙሉ "ሬ...ድ!" ብሎ ጣራውን ያነሳዋል። እሷ ታጨበጭባለች፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። ሳምንት ሳይሞላ ቀለማቱን ጨረሱ! ለእናቷ ደውላ "እማዬ፣ እንዴት ያሉ ፈጣን ልጆች መሰሉሽ!" አለቻት።

አንድ ቀን ጠዋት አረፈደች። ከክፍሉ ሳቅ ስትሰማ በቀርከሃው ቀዳዳ አጮለቀች። ኒሪና የምትባል፣ ከልጆቹ ከፍ የምትል ተማሪ፣ ቀዩን ወረቀት ይዛ ፊት ቆማለች። የሶስናን አረማመድ ሳይቀር እየቀዳች፣ አዲስ ለገቡት ትንንሾች የሆነ ነገር ታስረዳለች። ቋንቋው ለሶስና አይገባትም። እንግሊዝኛ የሚችሉት ርዕሰ መምህር፣ ሽማግሌው ሙሴ ራዛፊ፣ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

"ምንድነው የምትላቸው?"

ሙሴ ራዛፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ተይው የኔ ልጅ። የልጅ ነገር ነው።"

"አይ፣ ይንገሩኝ።"

"'ቶሎ እንዳትመልሱ' ነው የምትላቸው። 'መጀመሪያ ዝም በሉ። ከዛ አንዳችሁ ተሳሳቱ። በሦስተኛው ሁላችሁም ጩኹ። ያኔ ቲቸር ደስ ይላታል።'"

"ያውቁታል እንዴ?!"

"ካንቺ በፊት የመጣው ፈረንጅ አስተምሯቸዋል። ከሱ በፊት የመጣችውም። ሁሉም ከሬድ ነው የሚጀምረው። እሱ ተሰናብቶ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፣ ሬድ ይላል።"

"ታዲያ ለምን 'እናውቃለን' አላሉኝም?"

"እንዴ! ባሕር አቋርጦ የመጣን እንግዳ እንዴት ያሳፍሩ?"

ገባችሁ? እኛስ ዘመድ ቤት ሄደን፣ እስከ አንገታችን ጠግበን፣ "በሞቴ" ተብሎ ጉርሻ ሲመጣ አፋችንን እንከፍት የለ? ልጆቹም እንደዛው ነው። እሷ ያጎረሰቻቸው መስሏታል። ለካ እነሱ ናቸው ሲያስተናግዷት የከረሙት!

ሶስና ገባች። ቀዩን ወረቀት ከኒሪና እጅ ተቀብላ አጠፈችው። ልጆቹ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ መስለዋል። በሙሴ ራዛፊ አስተርጓሚነት "ምን ማወቅ ነው የምትፈልጊው?" ብላ ኒሪናን ጠየቀቻት።

"የምታስተምሪኝን ሁሉ" አለች ልጅቷ። እንግዳ አክባሪ ናታ!

"አይ። የልብሽን።"

ኒሪና እግሯን እያየች ነገረቻት። በዓመት አንዴ የውጭ ሐኪሞች በጀልባ ይመጣሉ። የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው። የሚያስተረጉሙት ሙሴ ራዛፊ ብቻቸውን ናቸው፤ ሰልፉ ደግሞ ውሃው ድረስ ነው። እናቷን ጎኗን ያማታል፤ መረብ ስትጎትት ትጮሃለች። ዓምና ተራዋ ሲደርስ ሙሴ ራዛፊ ሌላ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። እናትየው ማስረዳት አቅቷት አለቀሰች። ሐኪሙ እንባዋን አየና የዓይን ጠብታ ሰጥቶ ሸኛት።

ለጎን ሕመም የዓይን ጠብታ!

ከዛን ቀን ጀምሮ ሬድና ብሉ ቀረ። ክፍሉ ክሊኒክ ሆነ። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ በሽተኛ። "የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" "እዚህ ጋ።" "ከመቼ ጀምሮ?" አሁን ሲሳሳቱ የምራቸውን ነው የሚሳሳቱት። ጭብጨባም የለ። ከባድ ነበር።

ሶስና ወደ ሐዋሳ ተመለሰች፤ ቪዲዮው ለጉባኤው ታየ። መዝሙር የለ፣ ኤቢሲዲ የለ። አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ እየተንተባተበች "እናቴን ጎኗን ያማታል። ስትተነፍስ ይብስባታል" ትላለች። አለቀ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ሶስና ጠጋ ብለው "ፍሬው ይኸው ነው ልጄ?" አሏት።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ስልኳ ላይ የሙሴ ራዛፊ መልእክት ገባ፦ "ሐኪሞቹ መጥተው ነበር። ኒሪና እናቷን ይዛ ገባች። እኔ ደጅ ቆሜ ስጠብቅ አልጠራችኝም። ዘንድሮ ጠብታ አልሰጧትም። ወደ ከተማ፣ ወደ ሆስፒታል ወስደዋታል።"

ወገኖቼ፣ እኛስ?

ጎረቤታችሁ ስትታመም ብርቱካን ይዛችሁ ሄዳችሁ። "ተባረኩ" ብላ ተቀበለቻችሁ። እሷን የቸገራት ግን ልብስ የሚያጥብላት ሰው ነበር። ጠየቃችኋት? ልጃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ መከራችሁት፣ "እሺ" አላችሁ። ያ "እሺ" የምሩን ነው? ወይስ ለሦስተኛው "ሬድ" እንደተጮኸው ጩኸት ነው?

ጌታ ራሱ፣ ዓይነ ስውሩ ፊቱ ቆሞ፣ ችግሩን እያወቀ፣ "ምን ላድርግልህ?" ብሎ ነው የጠየቀው። ጌታ ከጠየቀ እኛ ማን ነንና ነው ሳንጠይቅ የምናድለው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው ቤት ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ቁጭ በሉና "ምን ላድርግልህ?" በሉት። መጀመሪያ "ኧረ ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላችኋል።

እንዳትነሱ። ደግማችሁ ጠይቁት።