ባለቤቱ ያልቀረበበት ሜዳ

አንድ ቀያሽ ነበረ። ሜትሩን ትከሻው ላይ ጥሎ የከተማ መሬት ሲለካ የሚውል፣ ካርታ ላይ ያልሰፈረ ነገር በምድር ላይ የለም ብሎ የሚያምን ሰው። «ጎርፉን ምን በድለነው ነው እንዲህ የሚፈጀን?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የእሱን ነገር ስማ።

ከከተማው በታች ሰፊ ሜዳ ነበረ። ዝናብ ከራቀው ሰባት ዓመቱ ነውና መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ቀያሹ አየት አደረገና መዝገቡ ላይ «ባዶ ቦታ» ብሎ ጻፈ። ችካል ሊተክል ሲል አንዲት ባልቴት መጥተው ባዶ እንዳልሆነ፣ ባለቤት እንዳለው ነገሩት። ስሙን ማን ልበል አላቸው። መንገድ ሄዷል አሉት፤ ድሮ በሐምሌ ነበር የሚመጣው፣ አሁን አሁን ወሩን ረስቶታል፣ መምጣቱ ግን አይቀርም፣ ማደሪያው እዚህ ነው።

ውሃውን ማለታቸው ነበር። እሱ ግን መታወቂያ ያለው ሰው መሰለውና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማስታወቂያ ለጠፈ! «ባለይዞታ ነኝ የሚል በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ» ብሎ፣ ማኅተም አሳርፎበት። ሠላሳው ቀን አለፈ፤ ማንም አልቀረበም። መሬቱም ተሸንሽኖ ታደለ።

የማዕዘኗን ቦታ ለእህቱ ሰጣት። ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትንከራተት ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ደልዳላ ነው፣ መሠረቱም አያስቸግርሽም ብሎ አማከራት፣ ቤት ሠርታ ከሦስት ልጆቿ ጋር ገባችበት። ወንድም ይሉሃል እንዲህ ነው እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

በጥቅምት፣ ክረምቱ ወጣ ብሎ ሰው እህሉን ሲያሰጣ፣ የሰባት ዓመቱ ዝናብ በአንድ ከሰዓት ወረደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ማሳሳቁንም ተወው። የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ መጣ። ቀያሹ ሮጦ ሲደርስ እህቱ ጣራ ላይ ናት፤ ልጆቿን በክንዷ፣ የቤቱን ካርታ በጥርሷ ይዛለች። ሰዉ «ውሃ ቤታችን ገባ!» እያለ ይጮኻል። ባልቴቷ ከዳር ሆነው ገመድ ከሚጎትቱት ጋር ይጎትታሉ።

«ውሃስ ቤቱ ገባ» አሉ፤ «የሰው ቤት የገባችሁት እናንተ ናችሁ።»

እህቱና ልጆቿ በገመድ ወጡ፤ ቤቱ እያዩት ሄደ። ካርታውን ከጥርሷ አውጥታ ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«እንካ፤ ለባለቤቱ ስጥልኝ።»

ተቀበላት። በማግስቱ ቢሮው ገብቶ ሪፖርቱን ሲጽፍ ግን ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? «የተፈጥሮ አደጋ»። የገዛ እጁን ሥራ! እግዜር ላይ አሳበበና እስክሪብቶውን ከደነ።

አንተም ልጄ፣ ያ ሰው ሩቅ እንዳይመስልህ። የከተማችን ፕላን ኃላፊ ነህ፤ በብብትህ የያዝከውን አዲሱን ፕላን አይቼዋለሁ። ከወንዙ ዳር ያለውን ረግረግ ቢጫ ቀብተህ «መኖሪያ» ብለኸዋል። ምን በደልነው ትለኛለህ? ቤቱን ቀምተኸው! ዝናቡ እንደሆነ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሲቀር ዓመታት ይቀራል፣ ሲመጣ ባንዴ ይመጣል። ከመፈረምህ በፊት ውረድና ውሃው የት እንደሚያድር ሽማግሌዎቹን ጠይቅ። መጀመሪያ የእሱን ማደሪያ ከልልለት፣ ከተማህን በተረፈው ላይ ሥራ። ማስታወቂያ ለመለጠፍ ግን አትድከም። ውሃ ፊደል አልቆጠረም።