ደብሪቱና የእናቷ አበባ

ዱሮ፣ ሰው በቃሉ፣ በሬ በቀንዱ በሚያዝበት ዘመን፣ ዝግባ ሜዳ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባል አላገባችም፤ ርስት አልወረሰችም። ያላት እንዝርቷና እናቷ ነበሩ። የሰው ጥጥ ትፈትላለች፤ በምታገኘው እናቷን ጌጤነሽን ትጦራለች። ትልቅ ሰው አልነበረችም። የዚያን ጊዜዎቹን ትልልቅ ሰዎች ማን እንደሚያስታውሳቸው እንጃ፤ እሷን ግን ይኸው እስከ ዛሬ እናነሳታለን።

አንድ ክረምት ጌጤነሽ ታመመች። ግማሽ ጎኗ ከዳት፤ አንደበቷም ተያዘ። ከቃል ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ቀረላት። ውሃ ሲሰጧት «አበባ» ትላለች። ጠበል ሲረጯት «አበባ»። የነፍስ አባቷ መጥተው ሊናዝዟት ቢሉም ያው «አበባ»። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

ስመኝ የምትባል ጎረቤት ነበረቻቸው፤ ምላሷ ሚጥሚጣ ነው። «አሁን አበባ ይበላል? ጃጅታ ነው፤ ተያት» አለች። ደብሪቱ ግን አልተወቻትም። የእናቷ ነፍስ አንድ ነገር ሽታ እንደተንጠለጠለች ገብቷታል። ያን ሳታገኝ ብትሞትስ? እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

መስከረም ጠባ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ። ደብሪቱ እቅፍ ሙሉ ቀጥፋ አመጣች። ጌጤነሽ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «አበባ» አለች።

«እንግዲያው የሜዳ አበባ አይደለም፤ የተቀደሰ ቦታ አበባ መሆን አለበት» አለች ደብሪቱ በሆዷ። የጥንት ሰዎች ያቆሙትን ደብርና ግንብ ሁሉ ልትዞር ቆረጠች። እናቷን ለስመኝ አደራ ሰጠች፤ ስመኝ ክፋቷ ከምላሷ አያልፍም። ዳቦ ቆሎ ቋጥራም ወጣች።

መጀመሪያ ወንዝ ተሻግራ ጣራው ወደ ወደቀ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ክቡ ግድግዳ ቆሟል፤ ሣር በቅሎበታል። ደጁን ተሳለመች። በቅጽሩ ውስጥ ቀጋ ነጭ አብቦ አገኘች። እሾሁ እየቧጠጣት ቀጠፈች፤ ይዛም ተመለሰች። ጌጤነሽ አየችውና ፊቷን አዞረች። «አበባ» አለች።

ደግሞ ወጣች። ገደል አፋፍ ላይ ስሙ የተረሳ የአንድ መስፍን ግንብ ነበር። ደረጃው ተንዷል፤ መስኮቱ የእርግብ ቤት ሆኗል። ደብሪቱ ከመንደሯ ርቃ አታውቅምና ከክፍል ክፍል እየዞረች ግድግዳውን በእጇ ዳበሰችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላት። እናቷ ታማ ደስ ስለተሰኘች ደግሞ አፈረች። ከግንቡ ስንጥቅ እሬት ቀይ አበባ አውጥቶ ነበር። ይዛው መጣች። ጌጤነሽ አየችውና ፊቷን አዞረች። «አበባ» አለች።

ያን ጊዜ የደብሪቱ ትዕግሥት አለቀ።

«ምን ዓይነት አበባ ነው እማዬ? ቢጫ አመጣሁ፤ ነጭ አመጣሁ፤ ቀይ አመጣሁ! አበባ ያልሆነ ነገር ላምጣልሽ?»

ከአፏ እንደወጣ ተጸጸተች፤ እግሯ ሥር ተደፍታ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት እንደገና ስንቋን ቋጠረች።

በሦስተኛው ጉዞ ከተራራው ጀርባ ወዳለ ደብር ደረሰች። በጦርነት ዘመን አገሩ ሲፈታ ካህናቱም ምእመናኑም ተሰደው፣ አንዲት መነኩሲት ብቻ ቀርተዋል። መቃብሮቹ በጽድ ጥላ ሥር ናቸው። በመካከላቸው ደብሪቱ አይታው የማታውቅ ሰማያዊ አበባ ተነጥፏል። «ይህ ነው!» አለችና ጎንበስ ብላ መቅጠፍ ጀመረች።

«ለማን ነው የምትቀጥፊው ልጄ?» አሉ መነኩሲቷ።

«ለእናቴ ነው እማሆይ። ሞት አፋፍ ላይ ሆና አበባ፣ አበባ ትላለች።»

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

«ጌጤነሽ።»

መነኩሲቷ እጇን ይዘው ወደ አንድ ጥግ ወሰዷት። ትንሽ የድንጋይ ክምር ነበረች፤ ርዝመቷ ከክንድ ብዙም አታልፍም።

«እንግዲያው አበባ ይቻትልሽ» አሉ። «እናትሽ ከጦር ስትሸሽ በጀርባዋ አዝላት መጣች። እዚህ ስትደርስ ሕፃኗ አልፋ ነበር። እኔ ቆፈርኩ፤ እሷ ቀበረች። አንቺን በሆዷ ይዛ ነበር።»

ለካ አበባ ሰው ኖራለች! ለካ እህት ነበራት! ደብሪቱ የያዘችውን አበባ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ምርር ብላ አለቀሰች። የዚያን ዘመን ወላጅ የሞተ ልጁን ስም አያነሳም፤ የሟች ስም ሲጠራ በሕይወት ያለውን ይጠራል ይባል ነበር። ጌጤነሽ ደብሪቱን እንዳታጣ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ አፏን ዘግታ ኖረች።

ደብሪቱ ባዶ እጇን ተመልሳ እናቷ ራስጌ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አበባን አየኋት። ጽድ ሥር ናት። ዝናብ አይነካትም።»

ጌጤነሽ ፊቷን አላዞረችም። በደህናው እጇ የደብሪቱን አፍ ሸፈነች። ደብሪቱ ያን እጅ ሳመችው።

«አትፍሪ። ይኸው አለሁ። እሷ ጋ እወስድሻለሁ።»

ጌጤነሽ ሳምንቱ ሳይወጣ አረፈች። ሽማግሌዎቹ «የራሳችን ቅጽር እያለ ስለምን ተራራ እንሻገራለን?» ብለው አጉረመረሙ። ደብሪቱ በየደጃቸው ድንጋይ ተሸክማ ለመነች። ሬሳውን ተሸክመው ወጡ፤ ከትንሿ ክምር ጎን ቀበሯት።

በዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ ይዘው ደብሪቱ ደጅ መጡ። ሳትቀበላቸው በፊት በመንደሩ ሁሉ ፊት «የጌጤነሽ ልጆች አበባና ደብሪቱ ነን» አለች። ሰዉ ደነገጠ፤ አማተበ። ያቺ ምላሰኛዋ ስመኝ «እኔም ታደለ የሚባል ልጅ ነበረኝ፤ ጥርስ አብቅሎ ነበር» አለች። ሌላዋም ተከተለች። ስንቱን ስም ስንቷ ሴት ውጣ ኖራ ኖሯል!

ስም ጥሪው ማንንም አልጎዳም። ደብሪቱ ጥርሷ እስኪረግፍ ኖራ በዕድሜዋ ነው የሞተችው። ዛሬም በዝግባ ሜዳ በዓመት በዓል እናት የልጆቿን ስም ሳትጠራ አበባ አትቀበልም። ልጃገረዶቹም ዘፈናቸውን ገታ አድርገው ደጅ ላይ ይጠብቃሉ። እሷም ትጠራለች፤ ያሉትንም የሌሉትንም፣ ከበኩሩ ጀምራ።