ከውስጥ የሚያንኳኳው ብረት

አንድ ሰው በሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከምድጃው የሚወጣው የጋለ ድንጋይ ቀን ከሌት የሚንሸራተተው በብረት ሳህኖች ላይ ነው። ሳህኖቹ የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠሩ ናቸው። አዲሱ ሳህን ውፍረቱ አርባ ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ መሃል ግን ተበልቶ አሥራ አንድ ቀርቶት ነበር። ከሥሩ ባለው ጠባብ መተላለፊያ እየገባ ትቢያ የሚጠርገው የሰውየው የሚስት ወንድም ምንዳዬ ነው። ሳህኑ ከተበሳ፣ እሳቱ የሚወርደው በማን ላይ ነው?

ሰውየው አዲስ ሳህን አመጣ፤ ፊቱን በጠንካራ ማዕድን ለበጠው። አብረቀረቀ።

ምንዳዬ አየና ሳቀ። «አማቼ፣ እህቴን እንኳ እንዲህ አሳምረሃት አታውቅም!»

«ዝም በል፤ መጀመሪያ ልፈትነው።»

በእሳት አጋለው፤ አውጥቶ መሬት ላይ አኖረው። የጥገና ክፍሉ ማሽኖች ቆመዋል፤ አዳራሹ ጭር ብሏል። ሳህኑ መብረድ ሲጀምር፣ ቋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቋ። በር የተዘጋበት ሰው የሚያንኳኳ ይመስላል።

«ውስጡ ማነው ያለው?» አለ ምንዳዬ። ሊቀልድ ነበር፤ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ከዚያ ጠንከር ብሎ፣ ቋ! ማንም ሳይነካው ልባሱ ሙሉውን ከብረቱ ተነሣ፤ ሰው የሌለው ፊት መሰለ። ከሥሩ ባለው ብረት ላይ፣ ከመለበጡ በፊት በሞረድ የተፋቀበት ጭረት እንኳ አልጠፋም። ልባሱ ተቀምጦበት ኖሯል እንጂ አልገባበትም። እሳት ሲያገኛቸው አንዱ ብዙ ተለጠጠ፣ ሌላው ጥቂት፤ ተለያዩ።

«በዚህ ሥር ልትሰደኝ ነበር?» አለ ምንዳዬ።

ሰውየው ልባሱን አንሥቶ ወረወረው።

ከዚያ ወዲያ አሠራሩን ለወጠ። የጠንካራውን ማዕድን ፍሬ አስቀድሞ በባዶው የአሸዋ ቅርጽ ወለል ላይ ደለደለ፤ የቀለጠውን ብረት አፈሰሰበት። ብረቱ በፍሬዎቹ መካከል ሰርጎ ገባ፤ አብሯቸው ረጋ። አጋለው። አበረደው። ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ምንም።

ወገኖቼ፣ እኛስ? በዚህ በተሰበሰብንበት ቀዝቃዛ አዳራሽ ሁላችንም እናብረቀርቃለን። የእግዚአብሔርን ቃል ለብሳችሁታል ወይስ ቀልጣችሁ ተቀብላችሁታል? ቤታችሁ ጭር ሲል፣ ቁጣችሁ ሲበርድ፣ ከውስጣችሁ የሚያንኳኳ ነገር ሰምታችሁ አታውቁም? ሬዲዮ አትክፈቱበት። አድምጡት! ትዳራችሁ፣ ልጆቻችሁ ከእናንተ ሥር ናቸው፤ ስትፈርሱ የምትፈርሱት በእነርሱ ላይ ነው። ብረቱ ሳይቀልጥ ከፍሬው ጋር አልተዋሐደም። እናንተስ ለመቅለጥ ፈቅዳችኋል?

ምንዳዬ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ከፍሬው ጋር ከተዋሐደው ሳህን ሥር ሲጠርግ ከረመ። ሲለካ፣ ከሳህኑ ፊት የተበላው ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር።