ዓሣ ያልወጣበት ደረጃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ወንዝ የገደበ። ልጄ፣ «በባሎቻቸው ለተበደሉ ሴቶች የችሎቱን በር ከፍቼ ማክሰኞን በሙሉ ለእነሱ ሰጠሁ፤ ታዲያ ለምን አይመጡም?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም። ዳኛ ከሆንህ ወዲህ ትዕግሥት አጥሮሃል፤ እኔ ሳስተምርህ እንደነበረው ቁጭ ብለህ ስማ።

ይህ ሰው ሀብታም ነበረ፤ ደግሞም ደግ። ወንዙን የገደበው ተርባይን አዙሮ ለአገሩ መብራት ለማውጣት ነው፤ አወጣም። ወፍጮው በመብራት ዞረ፣ ጤና ጣቢያው በራ፣ ሰው መረቀው። ያ ወንዝ ግን የሚፈሰው ወደ ሐይቅ ነበር። የሐይቁ ነጭ ዓሣ ክረምቱ ሲበረታ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ከላይ፣ ጠጠር ባለበት ውኃ ነውና። ግድቡ በቆመ በመጀመሪያው ክረምት ዓሣው መጥቶ ከግንቡ ሥር ቀረ።

በሐይቁ ዳር የዚህ ሰው ታላቅ እኅት ትኖር ነበር። እናታቸው ስትሞት ዓሣ እየሸጠች ያሳደገችው እሷ ናት። መረቧ እየቀለለ ሲሄድባት ወደ ወንድሟ መጣችና፣ «እኔስ አርጅቻለሁ፤ መንደሩ ግን ምን ይብላ? ጥቂት ክረምት እንዲህ ካለፈ ሐይቁ ባዶውን ይቀራል» አለችው።

ሰውየው ደነገጠ። እኅቱን ይወዳታል፤ ያደገበትን ሐይቅ ያራቆተ ሰው መባልንም ፈራ። ወዲያው ግንበኛ ጠርቶ ዓሣው እየዘለለ የሚወጣበት ደረጃ አሠራ፤ ከወንዙ እስከ ግድቡ አናት ድረስ፣ በየእርከኑ ውኃ የሚያቁር። ሥራው ያምር ነበር። ድንጋዩ የተጠረበ፣ ጠርዙ የተለሰነ። ያሠራውም ከራሱ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ እንግዳ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንዲያየው ብሎ። ውኃውን ግን ቆጥቦ በቀጭኑ ለቀቀለት። ክረምት ለባለግድብ የበጋውን የሚያጠራቅምበት ጊዜ ነዋ።

ነሐሴ ገባ፣ ዓሣውም መጣ። በደረጃው ግን አንድም አልወጣም። ሰውየው ጠዋት ያያል፣ ከሰዓት ያያል፤ ደረጃው ላይ ያለው እንቁራሪት ብቻ ነው። መጀመሪያ አዘነ፤ ቆየት ሲል ተቀየመ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? እንግዲህ ተሸክሜ አላወጣቸው» እያለ ለእንግዶቹ ይነግር ጀመር። እንግዶቹም ዓሣ አእምሮ የለውም ብለው አጽናኑት። ምሳውን እየበሉ ተሳስተሃል ሊሉት አይችሉማ።

እኅቱ ይህን ሰምታ መጣች። ደረጃውን አየት አደረገች፤ አላመሰገነችም፣ አልነቀፈችም። «ጫማህን አውልቅና ና» አለችው።

«ምን ልታደርጊኝ ነው፣ እትዬ?»

«ና ብዬሃለሁ።»

ያሳደገችው ናትና እምቢ አላላትም። ሱሪውን ሰብስቦ፣ እሷን ተከትሎ፣ ከግድቡ በታች ወንዙ ውስጥ ገባ። እጁን ይዛ መሐል ላይ አቆመችውና፣ «አሁን ዓይንህን ጨፍን። ውኃው ከየት በኩል እንደሚመጣ በእግርህ ፈልገህ ፊትህን ወደዚያ አዙር» አለችው።

ጨፈነ። ውኃው ባቱን ሲገፋው ተሰማው፤ እየተንገዳገደ ፊቱን ወደሚገፋው አዞረ። ዓይኑን ሲገልጥ ደረጃው ከፊቱ አልነበረም፤ ከወዲህኛው ዳር ርቆ ቀርቷል። ከፊቱ ያለው ማዶ ያለው ቦይ ነበር፤ ተርባይኑን አዙሮ የሚወጣው ውኃ እያጓራ የሚወርድበት። ከቦዩ አፍ ሥር ነጩ ዓሣ ተጠቅጥቆ ይተራመሳል፤ አፍንጫው በግንቡ ተልጧል፣ ሆዱ እንቁላል እንደያዘ ተወጥሯል።

«ዓሣ በረንዳህን አያይም» አለችው እኅቱ። «እሱ የሚከተለው የሚገፋውን ውኃ ነው። ደረጃውን የሠራኸው ለዓይንህ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።»

ሰውየው እዚያው እንደቆመ አለቀሰ። ልቅሶውን ግን አላስረዘመውም፤ ይህን ነው የወደድሁለት። የዚያን ዓመቱን ዓሣ ከእኅቱ ጋር በመረብ እያፈሰ፣ በበርሜል ተሸክሞ ራሱ ወደ ላይ አሻገረው። ክረምቱ ሲወጣ ያማረውን ደረጃ አፍርሶ ድንጋዩን ወደ ማዶ አጋዘ፤ ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ እንግዳ ከማያየው ጭቃ ላይ፣ ሸካራ ደረጃ ሠራ። ለበጋ ከሚያጠራቅመውም ውኃ ቀንሶ በኃይል ለቀቀበት። ለዚህ ሲል በበጋ የበረንዳውን መብራት ሁሉ አጠፋ። በቀጣዩ ነሐሴ ዓሣው ደረጃውን ይዘል ጀመር።

እኅቱ ግን አልጨረሰችም። «ወጡልህ፤ መልካም። ሲመለሱስ? ጫጩቶቻቸው ቁልቁል ሲወርዱ ተርባይንህ ውስጥ አይደለም የሚገቡት?» አለችው። ይህን ጨርሶ አላሰበውም ነበር። በተርባይኑ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ጋርዶ በጎኑ መውረጃ ከፈተላቸው። ዓመታት ሲያልፉ የእኅቱ መረብ እንደገና ከበደ፤ የጤና ጣቢያው መብራትም አልጠፋም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ባለግድብ አንተ ነህ። ደግነትህን አልተጠራጠርሁም። በርህን የከፈትኸው ግን ዘበኛ ስምና ጉዳይ ጮክ ብሎ በሚጠይቅበት፣ የባሎቻቸው ወዳጆች ደጃፉ ላይ በሚውሉበት ግቢ ነው። የተበደለች ሴት የዕለት ኑሮዋ ወዴት ነው የሚገፋት? ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ውኃ ቧንቧ፣ ልጅ ወደሚከተብበት ጤና ጣቢያ ነው። መዝገብህን ይዘህ እዚያ ሂድ። ከጊዜህም የተረፈውን ሳይሆን ደኅናውን ስጣቸው። ይመጣሉ፤ እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

ደግሞ ባለፈው ወር አንዲት ሴት ደፍራ መጥታ እንደፈረድህላት፣ ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ ላይ ስታገኝህ ፊቷን እንደምታዞር ነግረኸኛል። እኅቱ «ሲመለሱስ?» እንዳለችው እኔም ልጠይቅህ፤ ለመሆኑ ያን ቀን ከችሎት ወጥታ ማን ቤት ገባች? አታውቅም፤ ፊትህ ይነግረኛል። እንግዲያው ነገ ሌላ ሴት ከመጥራትህ በፊት እሷን ፈልገህ የት እንደምታድር ጠይቃት።