የአቶ ይርዳው ቶዮታ

የባለጸጋውን የአቶ ይርዳውን ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሲመጡ፣ እሳቸው ግቢ የቆመችውን ቶዮታቸውን ማሞገስ ያዙ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳት አንድ ቀን መንገድ ላይ አልቆመችብኝም! ደግሞ ፋብሪካውን ያቋቋመው ጃፓናዊ፣ አባቱ የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር አሉ። ሰው ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል!»

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን» አሏቸው።

«አባቱ ምን ይሠራል?»

«ሸማኔ ነው።»

አቶ ይርዳው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ከሽመና ቤት የወጣ ነገር እዚህ ግቢ አይገባም! ውጡልኝ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የልጁ አጎት፣ ሄዶ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

«እሺ ጌታዬ፣ እንወጣለን። ቁልፉን ይስጡንና ቶዮታዋንም ይዘናት እንውጣ።»

ከጓዳ የልጅቷ ሳቅ ተሰማ። አቶ ይርዳው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጥ አድርገው፣ «እስቲ ተቀመጡ» አሉ።