የአንጓች ድርቆሽና ፊታውራሪ ዶፍ

ኑ፣ ወዲህ ቅረቡ። ምንይችል፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። ውጭውን አታዩትም? መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ጥቅምት ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ፀሐይና ካፊያ ግን እንደ ጣውንት ይነታረካሉ። አንዷ ስትወጣ አንዱ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ተረት አለኝ።

ተረት ተረት።

«የመሠረት» በሉ እንጂ፣ አፋችሁን ምን ያዘው?

የመሠረት።

እሰይ። በድሮ ጊዜ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። ያላት አንዲት ላም፣ አንድ አህያና አንድ አውራ ዶሮ ነው። ላሚቱ ዳልቻ ትባላለች፤ መልኳ አመድማ ስለሆነ ነው። ዳልቻ አርግዛለች። ሆዷ እንደ ጎታ ተነፍቷል።

አንጓች ከጎጆዋ በታች ትንሽ መስክ አላት። ሣሩ ክረምቱን ጠጥቶ ወገብ ደርሷል። ይህ ሣር ታጭዶ፣ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ካልተከመረ በጋ ላይ የሚበላ ነገር የለም። በጋ ላይ ምድሩ ራሰ በራ ነው። ድርቆሽ ከሌለ ዳልቻ ትሞታለች፤ በሆዷ ያለውም ጥጃ አብሯት ይሞታል። አንጓች ይህን ታውቃለች። ዳልቻም ታውቃለች።

ችግሩ ፊታውራሪ ዶፍ ነው።

ፊታውራሪ ዶፍ ማነው? የዝናብ አለቃ ነው። ተራራው ራስ ላይ ይኖራል። ጥቁር በርኖስ ይለብሳል፤ ከበርኖሱ ጫፍ ሁልጊዜ ውኃ ይንጠባጠባል። ሆዱ ትልቅ ነው። ከመተለቁ የተነሣ ከሆዱ በታች ያለውን አያይም። ሹመኛ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ተዉት። ጆሮውንም የገዛ ነጎድጓዱ አደንቁሮታል።

ክረምቱን ሁሉ ሰው «ና፣ ና» ሲለው ይከርማል። መስቀል ሲያልፍ ግን «ሂድ፣ ሂድ» ይለዋል። ይህ ነገር ፊታውራሪን አናደደው። «ስፈለግ ጌታዬ፣ ሳልፈለግ ሂድ? ቆይ፣ አሳያቸዋለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ የታጨደ ሣር በሸተተው ቁጥር ይመጣል።

ደግነቱ ከሰማይ ቤት ሦስት ሕግ ተሰጥቶታል። አንደኛው፣ ሳትጠይቅ አትዝነብ። ሁለተኛው፣ በዘነበበት መስክ ላይ በዚያው ቀን አትድገም። ሦስተኛው፣ ካበራ በኋላ ሰው ራስ ላይ አትገተር። ያ ሕግ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ዓሣ ነበርን።

እንግዲህ አንጓች ማጭዷን ስላ የመስኩን ላይኛውን ክፍል አጨደች። ሣሩን አሰጣችው። በመንሽ እየገለበጠች ስታደርቀው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ወዲያው ጉድ፣ ጉድ፣ ጉድ የሚል ድምፅ መጣ። ፊታውራሪ ዶፍ ደረሰ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ዘነበ ወይስ አልዘነበም?» አላት።

አንጓች እውነተኛ ሴት ናት። «አልዘነበም ጌታዬ። እባክዎ ይለፉኝ፤ ላሜ አርግዛለች» አለችው።

«አልዘነበም? እንግዲያ ልዝነባ» አለና ለቀቀው። ሣሩ ረጠበ፣ ጠቆረ፣ ሻገተ። ዳልቻ ቀርባ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

አንጓች አልተኛችም። የመስኩን መካከለኛውን ክፍል አጨደች። አሰጣች፣ ገለበጠች። ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ጉድ፣ ጉድ፣ ጉድ።

«ዘነበ ወይስ አልዘነበም?»

«ዘንቧል ጌታዬ» አለች አሁን።

«ማይ።»

አንጓች አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። እናቷ በልጅነቷ «በሐሰት የማለ ሰው ምላሱ ላይ እንቁራሪት ይበቅልበታል» ብላታለች። ምላሷን በጥርሷ ዳሰሰችው። እንቁራሪት ይዛ መኖር አልፈለገችም። ሳትምል ቀረች።

ፊታውራሪ ሳቀ። ሲስቅ ተራራው ተንቀጠቀጠ። የፊተኛውን እጥፍ አድርጎ ለቀቀባት። ያም ሣር ሻገተ።

አሁን የቀረው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ሣሯ ወፍራም ነው፣ አንዲት ላም በጋውን ታሻግራለች። እሷ ከተበላሸች ሌላ የለም። አንጓች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አገጯን ያዘች። አህያው አጠገቧ ቆሟል። አውራ ዶሮው አህያው ጀርባ ላይ ቆሟል።

«አንጓች» አለ አህያው።

ምን ያስቃችኋል? በዚያ ዘመን እንስሳ ይናገራል። ሥራ ስለሚበዛበት ግን ብዙ አያወራም።

«ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ላሚቱ ዳልቻ ትባላለች። እኔ ግን ስሜ ‹ሂድ› ነው። ቆሜ ከተገኘሁ ‹ሂድ›፣ ስሄድ ከተገኘሁ ‹ቁም›። ስም ይውጣልኝ።»

«አንተ፣ ላሜ ልትሞት ነው፤ ስም ትለኛለህ?»

«እሷማ ብትሞት ስሟ ተጠርቶ ይለቀስላታል። እኔ ስሞት ‹ያ አህያ› ነው የምባለው። የሰው ስም እፈልጋለሁ። የደህና ሰው ስም።»

አንጓች ሳትወድ ሳቀች። የአህያውን ጆሮ አየች። ከዚያ ሰማዩን አየች። ከዚያ እንደገና አህያውን አየችውና ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ዘነበ» አለችው።

«ማን?»

«አንተ። ከዛሬ ጀምሮ ዘነበ ትባላለህ።»

የገንፎ ድግስ የለ፣ አበልጅ የለ። ግንባሩ ላይ ውኃ ረጨችለት፤ ውኃማ ሞልቷል። ዘነበ በጣም ደስ አለው። ስሙን ሊጠራ አፉን ቢከፍት ማናፋት ብቻ ወጣው።

«እኔስ?» አለ አውራ ዶሮው ከላይ ሆኖ።

«አንተ ቆይ፤ ተራህ ይደርሳል» አለችው።

በማግስቱ አንጓች የመጨረሻዋን ሣር አጨደች። አሰጣች። ዘነበን መስኩ መሐል አሰረችው። ብዙም ሳይቆይ ጉድ፣ ጉድ፣ ጉድ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዘነበ ወይስ አልዘነበም?»

አንጓች ጣቷን ወደ አህያው ቀሰረች። «ዘነበ!» አለች።

«ማይ።»

«ዘነበ ካልሆነ ምላሴ ላይ እንቁራሪት ይብቀል!»

ፊታውራሪ ደነገጠ። «መቼ ዘነብኩ? አላስታውስም» አለና ጭንቅላቱን አከከ። «ተኝቼ ሳለ ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆን?»

ላጣራ ብሎ ክንዱን በሆዱ ዙሪያ አሽከርክሮ ወደ መሬት ዘረጋ። ሌባ ጣቱ ያረፈችው ዘነበ የቆመበት ላይ ነው። አህያ የሰው ስም ቢወጣለትም አህያ ነው። ፊታውራሪን ሲያይ ፈርቶ፣ እዚያው ቆሞ ሽንቱን ሸንቶ ነበር።

«እውነትም ረጥቧል» አለ ፊታውራሪ። ጣቱን ላሰ። «ጨው ጨው ይላል። ባሕር ላይ ሳልፍ የጠጣሁት መሆን አለበት።»

በቃ፣ ሳቁ፣ ሳቁና ጨርሱ። እኔ እጠብቃለሁ።

ግን ፊታውራሪ አልሄደም። «ደግ ነው። ዛሬ እዚህ አልደግምም። ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ነገ ሌላ ቀን ነው» አለ። ከመስኩ በላይ በርኖሱን ዘርግቶ ተጋደመና ማንኮራፋት ጀመረ።

አንጓች ጨነቃት። ሣር በጥላ አይደርቅም። ብትገለብጠው ከታች እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ነገ ሲነጋ ደግሞ ሰውዬው ይነሣል፣ ይጠይቃል፣ ይዘንባል። ፀሐይዋ አሁኑኑ ካልወጣች ዳልቻ አለቀላት።

«ተራዬ ደረሰ?» አለ አውራ ዶሮው።

«ደረሰ። ከአሁን ጀምሮ አበራ ትባላለህ። ስምህን ሰው ሁሉ ይስማልህ» አለችው።

ዶሮ ስም አግኝቶ ዝም ይላል? በዘነበ ጀርባ ላይ ወጣ፤ ያ አልበቃው ብሎ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። አንገቱን መዘዘና «አበራ-ራ-ራ-ራ! አበራ-ራ-ራ-ራ!» አለ።

ፊታውራሪ ከእንቅልፉ ባነነ። «ምን? አበራ?»

«አበራ ጌታዬ» አለች አንጓች። «አይሰማዎትም እንዴ?»

«ወየው፣ ካበራ በኋላ ሰው ራስ ላይ ተገትሬ ተገኘሁ! ሹመቴ ሊገፈፍ ነው!» አለና በርኖሱን እየጎተተ ተነሥቶ ሮጠ። አንድ ጫማው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፀሐይዋም በሄደበት ቀዳዳ በኩል ወጣች።

አንጓች ላቧን አልጠረገችም። ገለበጠች፣ ደግማ ገለበጠች። ሣሩ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ደረቀ። ሲነኩት ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ሽታው ሰውን ያስርባል። እሷም ልትከምር መንሿን አነሣች።

ይኸኔ ፊታውራሪ ዶፍ በእግሩ ተራራውን ወርዶ መጣ። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ሰማይ ቤት ሄዶ «አበራ ተብዬ መጣሁ» ቢላቸው፣ «ማን አለህ? አንተ ነህ እኮ ጋርደህ የተኛኸው፤ አበራም ዘነበም የሴትዮዋ እንስሳት ስም ነው» ብለው ሳቁበት። በር ጠባቂው ሳይቀር ሳቀበት። በርኖሱ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ዘነበ የሚባለው ማነው?» አለ።

«አቤት» አለ አህያው። ስሙ ሲጠራ ዝም ማለት አልቻለም።

ፊታውራሪ ጎንበስ ብሎ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ወደ ጎን ገፍቶ አየው። ዓይኑ መብረቅ መብረቅ አለ። «በእኔ ሥራ አህያ ትጠሪበታለሽ? አሁን ሕግም አልጠይቅም፣ አንቺንም ድርቆሽሽንም ጠርጌ ወንዝ እከታችኋለሁ!»

ዘነበ ጆሮውን ጣለ። አበራ ላባው ውስጥ ገባ። አንጓች መንሿን ተደግፋ ቆመች።

«ፊታውራሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ክረምቱን ሰው ምን ይልዎታል?»

«ና ይለኛል።»

«አሁንስ?»

«ሂድ ይለኛል» አለ። ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ።

«አሁን ልንገርዎ። እኔ ደጅ ግን በበጋም ይጠራሉ። ሰማዩ ቦግ ብሎ ሲነድ እንኳ ‹ዘነበ ና፣ ዘነበ ብላ፣ ዘነበ ግባ› እላለሁ። ጠዋትም ማታም። ሌላ በየትኛው ቤት ነው በጥር ወር ‹ዘነበ ና› የሚባለው?»

ፊታውራሪ ታችኛው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዓይኑ አንዲት ጠብታ ወርዳ አንጓች እጅ ላይ ጠብ አለች። ዋንጫ ታክላለች።

«በበጋ...» አለ ፊታውራሪ፣ «በበጋ ማንም ‹ና› ብሎኝ አያውቅም።» አፍንጫውን ሳበ። ሁለተኛዋ ጠብታ መጣች።

አንጓች ዞር ብላ ድርቆሹን አየች። ከመዝነቡ ቢያመልጥ በለቅሶው ሊሄድ ነው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ይተው፣ ይተው!» አለች። «ፊታውራሪን ያህል ሰው አህያ ፊት ያለቅሳል? ሰው ቢያይ ምን ይላል? ከዚያ ጉብታ ማዶ ደረቅ ገደል አለ፤ ሰው አይደርስበትም። እዚያ ሄደው እንደ ልብዎ ያልቅሱ።»

«እውነትሽን ነው» አለ እየተነፋረቀ። ሰውነቱ ከብዶት መሄድ ግን አቃተው። ዘነበ የበርኖሱን ጫፍ ነክሶ ከፊት ጎተተው። አንጓች ደግሞ ከኋላ መንሿን ቂጡ ላይ ደግና ገፋችው። እንዲህ አድርገው ጉብታውን አሻገሩት። ከወዲያ ማዶ ለቅሶው ሲፈነዳ እዚህ ጎጆው ተነቃነቀ፤ መስኩ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልወደቀችም።

አንጓች ያን ድርቆሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመረችው። ጫፉን አሹላ፣ በገመድ ጠፍራ፣ በድንጋይ አስያዘችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ፊታውራሪ ሳምንት ሙሉ አለቀሰ፤ ያ ደረቅ ገደል ወንዝ ሆነ፣ ሰፈሩም ጠጣበት። እሱ ሲወጣለት ተራራው ላይ ተኝቶ እስከ ሰኔ አልነቃም። ዳልቻ በጥር ሴት ጥጃ ወለደች። ወተቷ ለጎረቤት ሁሉ ደረሰ፤ ድርቆሹም እስከ ግንቦት ተበልቶ ተረፈ። ዘነበ ኮራ። «አቶ ዘነበ» ካላሉት ጭነት አልሸከምም አለ፤ አንጓችም «አቶ» እያለች እጥፍ ትጭነው ጀመር። አበራ ለገና ታረደ። ምን ላድርግ፣ ስም ቢወጣለትም ዶሮ ነው። አንጓች አርጅታ፣ በልታ ጠጥታ፣ በወጉ ሞተች።

ትምህርቱ ምንድነው? ሳይዋሹም ከጉልበተኛ ማምለጥ ይቻላል፤ ጉልበተኛ ከሆዱ በታች አያይምና። ደግሞም ማንም ቢሆን «ሂድ» ብቻ ሲባል ይከፋል፣ አልፎ አልፎ «ና» በሉት። ከሁሉ በላይ ግን ፀሐይ ስትወጣ ወሬ ትታችሁ ሣራችሁን ገልብጡ።

ተረቴን አድርቄ ከመርኩ፤ እናንተ ደግሞ ጉሮሮዬን በውኃ አርጥቡልኝ።