የእትዬ ትሁኔ ክራርና የጎሽ ውኃ ሰዎች

ኑ፣ ተቀመጡ። ቢራራ፣ አንተም እግርህን ሰብስብ። ዛሬ ቆሎ የለም፤ ዛሬ ተቆጥቻለሁ። ለምን እንደተቆጣሁ ታውቃላችሁ። አናውቅም ነው የምትሉት? እሺ፣ ተረቱ ሲያልቅ ታውቃላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ የክራር ጅማት ከበግ አንጀት በሚፈተልበት፣ ናይሎን የሚባል ነገር ገና ባልመጣበት ዘመን፣ ጎሽ ውኃ የሚባል መንደር ነበረ። በዚያ መንደር ሃያ ሰዎች ክራር ይመቱ ነበር። ልብ በሉ፣ አዝማሪዎች አልነበሩም። አራሽ ናቸው፣ ሸማኔ ናቸው፣ ባልና ሚስት ናቸው። ማንም አይሸልማቸውም፤ ማንም ለሠርግ አይጠራቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ክራራቸውን ይዘው ከመንደሩ ሾላ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ይመታሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይስቃሉ፣ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነበር የሚመቱት።

ከሃያው መካከል አንዷ እትዬ ትሁኔ ናት። እትዬ ትሁኔ ኩሩ ነበረች፣ ቁጡም ነበረች፣ ክራሯን ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃት። ሌላው አያ ላቀው ሸማኔው ነው። አያ ላቀው ደግ ነበር፤ ግን አፍ የለውም፤ ጭንቅ ሲመጣ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ዓይነቱን ደግ ሰው እኔ አልወደውም። ለምን እንደማልወደው አሁን ትሰማላችሁ።

የጎሽ ውኃ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ከመምታታቸው በፊት ሁሉም ዝም ይላሉ። እትዬ ትሁኔ የክራሯን ስድስት ጅማት አንድ በአንድ ትነካለች። አሥራ ዘጠኙም ጆሯቸውን ጥለው፣ የየራሳቸውን ክራር በእሷ ክራር ይቃኛሉ። ሁልጊዜ በእሷ ነው፤ በሌላ ሰው ክራር አይቃኙም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የአያ ላቀው ቤት በደቦ ሲሠራ፣ ምሰሶው ሸርተት ብሎ የእትዬ ትሁኔን ግራ እጅ አደቀቀው። ቤቱ ቆመ። የእሷ ሦስት ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። በቀሩት ሁለቱ እየነካካች መምታቱን አልተወችም፤ ጎበዝ ነበረቻ! መቃኘት ግን ሌላ ነው። ጅማቱ ቀንበር በሚባለው የክራሩ የላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ ከጨርቅ ጋር ይጠመጠማል፤ ያን ጥምጥም ጨብጦ ማዞር ጠንካራ ጣት ይፈልጋል። እሷ አልቻለችም። ሌላ ሰው እንዳይቃኝላት ደግሞ «ክራሬን የሚነካ እጁ ይሰበር!» ብላለች።

ታዲያ አያ ላቀው በዚያው ሰሞን ተነሥቶ «ዛሬ በትሁኔ ክራር እንቃኝ» አለ። ሌሎቹ ነገሩ ገባቸው። ማንም ምንም አልተናገረም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ፤ ልማድ ሆኖ ቀረ።

ጅማት በየጊዜው ካልተወጠረ ይላላል። በየዓመቱ የእትዬ ትሁኔ ክራር ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ አሥራ ዘጠኙም ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ሁሉም አብሯት ስለሚወርድ እሷ መውረዷን አላወቀችም። ይባስ ብላ ትኩራራ ጀመር።

«የእኔ ክራር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቅኝት ወጥታ አታውቅም!» ትላለች።

«አታውቅም!» ይላሉ አሥራ ዘጠኙ።

«አታውቅም፣ ላቀው?»

«ኧረ አታውቅም» ይላል አያ ላቀው፣ መሬት መሬት እያየ።

አትሳቁ። የሚያስቅ ነገር የለውም።

አንድ ቅዳሜ ጓንጉል የሚባል ክራር መቺ ከሌላ አገር መጣ። ጓንጉል ጣቱ ፈጣን ነው፣ ጆሮው ሹል ነው፣ ልቡ ግን ጠማማ ነው። የአገሩ ገዥ ደጃዝማቹ የጎሽ ውኃን ሃያ ክራር ዝና ሰምተው ከሦስት ወር በኋላ ሊመጡ እንዳሰቡ ሰምቷል። ደጃዝማቹ ለቤታቸው የክራር አለቃ ይፈልጋሉ። ጓንጉልም «ጌታዬ፣ ሃያውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ ላከባቸው። እንግዲህ ውሸቱ ከአፉ ወጣ፤ የቀረው እውነት ማስመሰል ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጓንጉል ሾላው ሥር ተቀምጦ ሰማ። ሰማና ሳቀ። «ወይ ጉድ! ለምንድን ነው በዚች ክራር የምትቃኙት?» አለ።

«ልማዳችን ነው» አለ አያ ላቀው።

«ለምን ልማዳችሁ ሆነ?»

እትዬ ትሁኔ ፊት እንዴት ይናገሩት?

በሁለተኛው ቅዳሜ ጓንጉል ክራሩን ይዞ መጣና እትዬ ትሁኔ ፊት ቁጭ አለ። የክራሯን አንዱን ጅማት ነካና «ይቺ ታማለች» አለ። ሁለተኛውን ነካና «ይቺ እያጣጣረች ነው» አለ። ሦስተኛውን ነካና «ይቺስ ሞታ ተቀብራለች» አለ።

እትዬ ትሁኔ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ድንጋይ ላይ ብድግ አለች። «አንተ ባለጌ! የእኔ ክራር ከቅኝት ወጥታ አታውቅም! ላቀው፣ ንገረው እንጂ!»

አያ ላቀው መሬት መሬት አየ።

«ባይለየኝ፣ አንተ ንገረው!» ባይለየኝ አራሽ ነው፤ በሬዎቹን ሲጣራ ማዶ ተራራ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው። የዚያን ቀን ድምፅ ጠፋው።

«እናኑ!» እናኑ አዲስ ሙሽራ ናት፤ ክራር ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። እናኑ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እኔ ልንገርሽ» አለ ጓንጉል። «ክራርሽ ጥንት ነው ከቅኝት የወጣችው። እነሱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረውሽ የወረዱት ለዚች ለደቀቀች እጅሽ አዝነው ነው። እያባበሉሽ ነበር!»

ያለው እውነት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እውነትን ይዞ ሰው የሚደበድብ ዓይነት ሰው አለ። የሚመልስለት ግን አንድ ሰው እንኳ ጠፋ! «አዎ፣ አብረናት ወርደናል፤ ወደን ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» የሚል አንድ ሰው! አሥራ ዘጠኝ አፍ ተሰብስቦ አንዲት ቃል አጣ።

እትዬ ትሁኔ አንድ በአንድ አየቻቸው። አላለቀሰችም። ክራሯን አነሣች፣ ቤቷ ገባች፣ በሩን ጠረቀመች። ክራሯንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቀለቻት። እሷ ከእንግዲህ ክራር አትመታም፤ በቃ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጓንጉል «ደጃዝማቹ ሊሰሟችሁ ይመጣሉ፤ እኔ አዘጋጃችኋለሁ» አላቸውና፣ አሥራ ዘጠኙ ክራራቸውን በእሱ ክራር ቃኙ። የትሁኔ ድንጋይ ባዶውን ነበር። መቱ። ድምፁ ልክ ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም።

አሁን በደንብ ስሙኝ። እትዬ ትሁኔ እያለች ከሁሉ ደካማዋ እሷ ነበረች። እሷ ስትሄድ ደካማዋ እናኑ ሆነች። ጓንጉል «አንቺ ጣትሽ ዘገምተኛ ነው፣ ደጃዝማቹ ፊት ታሳፍሪኛለሽ፣ ውጪ» አላት፤ ወጣች። እናኑ ስትወጣ ደካማው ባይለየኝ ሆነ። «የአንተ ጣት ለሞፈር ነው፣ ውጣ» አለው፤ ወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዱ በወጣ ቁጥር ሌላ ደካማ ይገኛል። የቀሩት ደግሞ እኔን አላለኝም ብለው ዝም! በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ጓንጉልና አያ ላቀው። ከሁለቱ ደካማው ማነው? «አያ ላቀው፣ ውጣ» አለ ጓንጉል። አያ ላቀው መሬት መሬት እያየ ወጣ። የእጁን ነው ያገኘ!

ደጃዝማቹ መጡ። ሾላው ሥር ተነጠፈላቸው፣ ተቀመጡ። ጓንጉል ብቻውን ቀርቦ እጅ ነሣና መታ። መምታቱን እንኳ አሳምሮ መታ፤ ሐሰት አልናገርም።

«ጎበዝ» አሉ ደጃዝማቹ። «ሌሎቹስ?»

«ጌታዬ፣ ጣታቸው የማይረባ ስለሆነ አባረርኳቸው።»

«አንድ ክራርማ እቤቴም አለኝ!» ብለው ጮኹ ደጃዝማቹ። «ሃያ ክራር ባንድ ላይ ልሰማ ብዬ ነው በቅሎዬን ሦስት ቀን ያደከምኳት። አስተማርኳቸው ብለህ የላክህብኝ አንተ አይደለህም? ፀሐይ ሳትጠልቅ ሃያውን አምጣ። ካላመጣህ አርባ ጅራፍ ትጠጣለህ!»

ጓንጉል ሮጠ። ባይለየኝ ቤት ሮጠ። «ትሁኔ ከመጣች እመጣለሁ» አለው ባይለየኝ። እናኑ ቤት ሮጠ። «እትዬ ትሁኔ ከመጡ እመጣለሁ» አለችው። አያ ላቀው ቤት ሮጠ። አያ ላቀው ያንን የቆመ ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጧል። «እሷ ካልመጣች ሬሳዬም አይመጣ!» አለ። ይኼው፣ አፍ አወጣ! አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ።

ሁሉም ተሰብስበው እትዬ ትሁኔ ደጅ ሄዱ።

«እትዬ ትሁኔ፣ እባክዎ» አለ ጓንጉል። አያችሁ? ያኔ «አንቺ» ነበረች፤ ዛሬ «እርስዎ» ሆነች።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ትሁኔ ጓንጉልን በእጇ ገፋ አድርጋ አለፈችውና ጎረቤቶቿ ፊት ቆመች።

«ይኼ ያገሬ ሰው አይደለም፤ መርዙን ረጨ፣ አበቃ» አለች። «እኔን ያቃጠላችሁኝ እናንተ ናችሁ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስኩራራ አያችሁኝ። አታውቅም ስል አታውቅም አላችሁኝ። ዝናብ ስንሸሽ አንድ ጣራ ሥር፣ ሲርበን አንድ መሶብ ላይ የነበርን ሰዎች! አንድ ቀን ‹ትሁኔ፣ ክራርሽ ላልታለች› ማለት ያቅታችኋል? ልጅ ነኝ የምታባብሉኝ?»

አያ ላቀው ወደ ፊት መጣ። መሬቱን ማየት ፈለገ፤ ተወው። ዓይኗን አያት።

«ቤቴ የቆመው በጣትሽ ነው» አለ። «ጠዋት ስነሣ ምሰሶው ይታየኛል። ያንን መናገር አፈርኩ። የማይናገር ሰው ደግሞ ያባብላል። በደልኩሽ።»

«ታዲያ ‹ክራሩን አምጪ፣ ልቃኝልሽ› አትልም ነበር?»

«የሚነካ እጁ ይሰበር ብለሽ ነበራ!»

እትዬ ትሁኔ የታጠፉ ጣቶቿን አየች። «ብዬ ነበር» አለች። «ብዬ ነበር። እሱን እኔ አጠፋሁ።»

እናኑ ከኋላ ሆና «እትዬ፣ እኔ እርስዎ ስለነበሩ ነው መሳሳት ያልፈራሁት» አለች። «እርስዎ ሲሄዱ ጣቴ ተሳሰረ።» ባይለየኝም ጉሮሮውን ጠረገና «በሬዎቼ እንኳ ድምፅሽን ናፍቀዋል» አለ፤ እሱ ከዚያ በላይ መናገር አይችልም።

እትዬ ትሁኔ ገባችና ክራሯን ከግድግዳው አወረደች። ቁጣዋ በረደ? አልበረደም። ቁጣዋን እንደያዘች ሾላው ሥር ሄደች፤ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች፤ ክራሯን ለጓንጉል ዘረጋችለት።

«ጆሮህ ደግ ጆሮ ነው፤ አልክድህም» አለችው። «በል፣ ቃኝልኝ።»

ጓንጉል ደጃዝማቹን አየ። ደጃዝማቹ በአገጫቸው «ቃኝ» አሉት። ተንበረከከ። ጥምጥሙን ጨብጦ አዞረ።

«ከፍ አድርግ» አለች። አደረገ። «በዛ፣ ዝቅ አድርግ።» አደረገ። «አሁን ደግሞ ትንሽ ከፍ።» ስድስቱን ጅማት እንዲህ እያለች አዞረችው። ስትጨርስ «አሁን የእናኑን» አለች። ከዚያ የባይለየኝን። ከዚያ የአያ ላቀውን። ሃያ ክራር፣ እያንዳንዱ ስድስት ጅማት! የጓንጉል ጣት ተላጠ፣ አበጠ፣ ደማ። የራሱን ክራር ልምታ ቢል ኖሮ መምቻውን እንኳ መያዝ አይችልም ነበር። ሃያኛውን ቃኝቶ ጨረሰና ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ መቱ። ሃያው ባንድ ላይ መቱ። እናኑ ተሳሳተች፤ ሳቁ። ባይለየኝ ተሳሳተ፤ ሳቁ። እትዬ ትሁኔ ራሷ ተሳሳተችና «ምን ታዩኛላችሁ? ተሳሳትኩ!» ብላ ጮኸች፤ ያኔ ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ፣ ደጃዝማቹም ጭምር፣ በሳቅ ፈነዳ።

ሲመሽ ደጃዝማቹ ተነሡና ጓንጉልን «ጅራፉን ምሬሃለሁ» አሉት። «አለቅነቱን ግን እርሳው። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መጥተህ የሃያውን ክራር ቃኝ። መጀመሪያ የወይዘሮ ትሁኔን። እሷ ‹ይበቃል› ሳትልህ ወደ ሌላው እንዳትሄድ።»

እትዬ ትሁኔ ደግሞ ቶሎ «ይበቃል» የምትል ሴት አልነበረችም። ከጎረቤቶቿም ጋር እስከ ፋሲካ ድረስ አኩርፋ ነበር። ቅዳሜ ግን ቀርታ አታውቅም።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ሰጥቻችኋለሁ፣ የእናንተን ደግሞ እጠብቃለሁ። ትምህርቱ ምንድን ነው? ደካማውን የሚያባርር መንደር ነገ ራሱን ሲያባርር ይገኛል። ደግ ሥራ ሠርቶ፣ ያ ደግ ሥራ ሲረገጥ አፉን የሚዘጋ ደግሞ ደግ አይባልም፤ ፈሪ ነው።

አሁን ለምን እንደተቆጣሁ አወቃችሁ? ዛሬ ጠዋት በመስኮት አይቻችኋለሁ። ስንዱን ቀርፋፋ ናት ብላችሁ ከገመድ ዝላዩ ያስወጣችኋት አንዳንዶቻችሁ ናችሁ። ሌሎቻችሁ፣ አዎ ቢራራ፣ አንተም፣ መሬት መሬት አያችሁ።

ተነሡ። ገመዱን ያዙና እሷ ደጅ ሂዱ። በሹክሹክታ እንዳይሆን፤ ጮክ ብላችሁ «በደልንሽ» በሏት። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም፤ እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።